ውሻው መንገዱን አልመረጠም

በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት ከሜክሲኮ ድንበር ተነስቶ የዩታን ወሰን እስኪነካ የሚዘልቅ የእግር መንገድ አለ። የአሪዞና ትሬይል ይባላል። ርዝመቱ 800 ማይል፣ ወደ 1,287 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደርሶ የመንገዱን ከግማሽ በላይ መመለስ ማለት ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው ዴል ሼዋልተር የተባለ የፍላግስታፍ ከተማ መምህር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 (እዚህ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከኖጋሌስ ተነስቶ ግዛቱን ከደቡብ እስከ ሰሜን በእግሩ አቋርጦ ነገሩ የሚቻል መሆኑን አሳየ። በ1994 መንገዱን የሚያስተባብር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ2009 ኮንግረስ ብሔራዊ የእግር መንገድ አድርጎ በሕግ አጸደቀው። የመጨረሻዋ ቁራጭ የተገናኘችው በ2011 መገባደጃ ላይ ነው። ሼዋልተር ይህን አላየም፤ በ2010 አርፏል።

የበረሃ መንገድ ይባል እንጂ ደጋና ቆላን እያፈራረቀ የሚያስኬድ ነው። ከድንበሩ ምልክት እንደተነሳ የሁዋቹካን ተራሮች ይወጣና 2,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጊላ ወንዝ ዳር ሲደርስ ከ600 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ሱፐርስቲሽንና ማዛትዛል የሚባሉትን ድንጋያማ ተራሮች ካለፈ በኋላ ፍላግስታፍ አካባቢ ወደ ጥድ ጫካ ይገባል። ከዚያ ግራንድ ካንየንን ወርዶ ይወጣል፣ ከማዶው ባለው የካይባብ አምባ ላይ እንደገና ከ2,700 ሜትር በላይ ይሆናል። ዛሬ ቁልቋል መካከል ላቡን ሲጠርግ የዋለ ሰው በሳምንቱ በረዶ ሊረግጥ ይችላል። ወደ ሰሜን የሚሄዱት በመጋቢት፣ ወደ ደቡብ የሚወርዱት በመስከረም ይነሳሉ። አብዛኞቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ውሻን አስከትሎ መሄድ የብዙዎች ምኞት ነው። ምክንያትም አይታጣለትም። ከሰው መንደር ርቆ ድንኳን ውስጥ ብቻውን ለሚያድር ሰው ውሻ ጆሮም ዘበኛም ነው፤ የቀኑን ዝምታም ያቀልለታል። ትንሽ ቦርሳ ጀርባው ላይ ታስሮለት ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አድማስ የሚያይ ውሻ ፎቶግራፍ ደግሞ የማያስቀናው ተጓዥ የለም። ፎቶግራፉ የማያሳየው ነገር ቢኖር ውሻው አድማሱን እያየ አለመሆኑን ነው። የሚያየው ጌታውን ነው፤ ጌታው ወዴት ሊሄድ እንደሆነ እየጠበቀ።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ከዩታ ወሰን መድረስ ለሰውየው ትርጉም አለው፤ ቀኑን ቆጥሮለታል፣ ገንዘብ አጠራቅሞለታል፣ ለወዳጅ ለዘመድ አውርቶለታል። ለውሻው ግን 1,287ኛው ኪሎ ሜትር ከሦስተኛው የሚለይበት ነገር የለም። "ውሻ በበላበት ይጮሃል" እንደሚባለው፣ እንስሳው ያጎረሰውን እጅ ተከትሎ ይሄዳል፤ ደክሞኛል አይልም፣ ልመለስ አይልም፣ እግሩ ተቃጥሎም ቢሆን ይከተላል። ስለዚህ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከውሻ ጋር መጨረስ የሚለው ዕቅድ ከመነሻው የአንድ ወገን ዕቅድ ነው። ሕጉም አይፈቅደውም፤ ባይከለክለው እንኳ ሊደገፍ የሚገባው አይደለም። ወቅቱን መርጦ፣ ቦታውን አጥንቶ፣ ከመንገዱ የተወሰነውን ክፍል አብሮ መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ይቻላል፣ ለሁለቱም ደስ የሚል ነው።

የመጀመሪያው ጠላት ሙቀት ነው። ሰው ሲሞቀው መላ አካሉ ያልበዋል፤ በከባድ ሙቀት የሚራመድ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊያፈስ ይችላል፣ ያ ላብ ሲተን ገላውን ያቀዘቅዘዋል። ውሻ ይህ ጸጋ የለውም። የላብ ዕጢ ያለው በዋነኛነት መዳፉ ሥር ነው፣ የቀረውን ሥራ የሚሠራው በማለክለክ ነው። ምላሱን አውጥቶ አየር ሲያመላልስ ከአፉና ከመተንፈሻ አካሉ የሚተነው ውሃ ደሙን ያበርድለታል። ደረቅ አየር ለዚህ ይረዳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሰውነቱ ውሃ ይወስዳል። ጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀቱ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 41ን ካለፈ አንጎልና ኩላሊት መጎዳት ይጀምራሉ፣ አንጀት ይደማል፣ ደሙ መርጋት የሚገባው ቦታ ላይ መርጋት ያቅተዋል። በሦስት ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይኸው ነው። አፍንጫቸው አጭር የሆኑት የውሻ ዝርያዎች ደግሞ ማለክለኩም ስለማይሆንላቸው በረሃ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

መሬቱም አለ። አየሩ 40 ዲግሪ በሆነበት ቀን ፀሐይ የመታው አስፋልት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ አለቱና አሸዋውም ከዚያ ብዙም አይሻሉም። ሰውየው ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጎ ስለሚረግጥ አይሰማውም። የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ፈተና አለ፤ የእጅን ጀርባ መሬቱ ላይ ለሰባት ሰከንድ ያህል ማሳረፍ። ሰው እጁን ማቆየት ካቃተው ውሻውም መርገጥ የለበትም። የውሻ ጫማ ይሸጣል፤ ችግሩ አብዛኞቹ ውሾች እስኪለምዱት ሳምንታት መፍጀቱ፣ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ቆዳ መላጡ፣ ከአራቱ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ መንገድ ላይ መውለቁ ነው።

ስለ ቾያ ሳይወራ ግን የአሪዞና በረሃ አልተወራለትም። ቾያ የቁልቋል ዓይነት ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ለስላሳ ፀጉር የለበሰ ይመስላል፣ ማለዳ ፀሐይ ከጀርባው ስትወጣበት ወርቃማ ብርሃን ይረጫል፣ ሰው አይቶ አይጠግበውም። ቅርንጫፉ በትንንሽ አንጓዎች የተያያዘ ስለሆነ ሲነካ ተገንጥሎ አብሮ ይሄዳል፤ የአገሩ ሰው "ዘላዩ ቾያ" የሚለው ለዚህ ነው። አንጓው መሬት ላይ ይረግፋል፣ ውሻው ይረግጠዋል። የእሾሁ ጫፍ በዓይን የማይታዩ ወደ ኋላ የተመለሱ ጥርሶች ስላሉት ሲገባ በቀላሉ ይገባል፣ ሲወጣ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ያመመው ውሻ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ በአፉ መንቀል። እናም እንቁላል የምታክለው የእሾህ ኳስ ከመዳፉ ወደ ከንፈሩና ወደ ምላሱ ትዛወራለች፣ ከከንፈሩ ሊያስለቅቃት በፊት እግሩ ሲታገል ደግሞ እግሩ ላይም ትተከላለች። በእጅ ሊነቅል የሞከረ ጌታም ዕጣው ያው ነው። የአሪዞና ተጓዦች ኪስ ውስጥ ሚዶና ወረንጦ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ሚዶውን ከኳሷና ከቆዳው መካከል ያስገባሉ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይወረውሯታል፣ ከዚያ የቀሩትን እሾሆች አንድ በአንድ በወረንጦ ይነቅላሉ። ሥራው የሚያልቀው ውሻው ዝም ብሎ ከተያዘ ነው፤ ዝም ብሎ የሚያዝ ውሻ ደግሞ ብዙ አይገኝም።

እባቡ የሚያስፈራውን ያህል ዘወትር የሚገጥም አይደለም፤ ያም ሆኖ አሪዞና ጭራቸው የሚንቀጫቀጭ መርዛማ እባቦች 13 ዓይነት አሏት፣ ከየትኛውም የአሜሪካ ግዛት ይበልጣል። ሰው ድምፁን ሲሰማ ይቆማል። ውሻ ድምፁን ሲሰማ ሊያሸት ይሄዳል። ስለዚህ የሚነደፈው አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው ላይ ወይም የፊት እግሩ ላይ ነው፤ የመርዙ መድኃኒት ያለው ሆስፒታል ደግሞ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ሊሆን ይችላል። ሳይነደፍ እንዲርቅ የሚያስተምሩ አሠልጣኞች በግዛቱ ውስጥ አሉ፤ እዚያ ለሚኖር ሰው ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። በክረምቱ ዝናብ ወራት ከመሬት የሚወጣ ትልቅ ጉርጥም አለ፤ ቆዳው የሚያመነጨው መርዝ በአፉ የያዘውን ውሻ አረፋ ያስደፍቀዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። አፉን በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ውሃው ወደ ጉሮሮ ሳይሆን በጎን ወደ ውጭ እንዲፈስ አድርጎ።

ከሁሉ በላይ ግን ጉዞውን የሚወስነው ውሃ ነው። ሐኪሞች በግምት የሚሰጡት ልክ፣ አንድ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል የሚል ነው፤ ያውም ቤት ተኝቶ ሲውል። 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በዕረፍት አንድ ሊትር ተኩል ካስፈለገው፣ ሲሄድ ውሎ በሙቀት ሲያለከልክ እጥፉና ከዚያ በላይ ይሆናል። ሦስት ሊትር ማለት ሦስት ኪሎ ነው። መንገዱ ላይ ከአንድ የውሃ ቦታ እስከሚቀጥለው 30 ኪሎ ሜትር የሚያልፍባቸው ክፍሎች አሉ፤ ሰውየው ለራሱም አራትና አምስት ሊትር መያዝ አለበት። ውሻው የራሱን ይሸከም የሚሉ አሉ። ግን ቦርሳው ጀርባው ላይ ሙቀት ያምቃል፣ ክብደቱ ደግሞ ማለክለኩን ይጨምራል፣ ይህም ተጨማሪ ውሃ ያስጠጣዋል። ሒሳቡ ራሱን እያሳደደ ይዞራል።

የሚገኘው ውሃስ ምን ዓይነት ነው? በአብዛኛው ከብት አርቢዎች የቆፈሩት ኩሬ ወይም ያቆሙት ገንዳ ነው። ከላዩ አረንጓዴ ሽፋን ይኖረዋል፣ ዳር ዳሩ በከብት ኮቴ ተቦክቷል፣ አንዳንዴ የሞተ ወፍ ይንሳፈፍበታል። ሰውየው ያጣራዋል፣ ኪኒን ይጨምርበታል፣ ከዚያ ይጠጣዋል። ውሻው ግን ማጣሪያው ከቦርሳ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ጠጥቶ ጨርሷል። የቆመ ውሃ ላይ ከሚታዩት አልጌ መሰል ተዋስያን አንዳንዶቹ ጉበትን በሰዓታት ውስጥ የሚያወድም መርዝ አላቸው። ተጓዦች ስለ ውሃው መጠንና ስለ ኩሬው ሁኔታ መረጃ ይለዋወጣሉ፣ የእግር መንገዱ ከመኪና መንገድ ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎችም በጎ ፈቃደኞች ውሃ የሚያስቀምጡባቸው ሣጥኖች አሉ። ከሣጥኑ ውስጥ ግን ለሌላ ሰው የተቀመጠውን ውሃ ለውሻ ማጠጣት ተገቢ ነው ወይ የሚለው በተጓዦች ዘንድ ፊት የሚያጠቁር ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው፤ ተገቢ አይደለም። ውሻውን ያመጣ ሰው ውሃውንም ማምጣት አለበት።

ወደ ሕጉ እንምጣ። መንገዱ ሳጉዋሮ ብሔራዊ ፓርክን ሲያቋርጥ በፓርኩ የተራራ መንገዶች ላይ ውሻ አይፈቀድም። በቱሳን ከተማ ራስጌ ባሉት የሳንታ ካታሊና ተራሮች፣ ፑሽ ሪጅ በሚባለው የተጠበቀ ክልል ውስጥም ክልከላ አለ፤ ምክንያቱ ቀንደ ትልቁ የዱር በግ ነው። እነዚህ በጎች ከተራሮቹ ላይ በ1990ዎቹ ጠፍተው ነበር። ከተማው ወደ ተራራው እየተስፋፋ መሄዱ፣ ቁጥቋጦው እየደፈነ ለአዳኝ እንስሳ መሸሸጊያ መሆኑ፣ የሰውና የውሻ ግርግር መብዛቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ናቸው። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በ2013 ከሌላ አካባቢ 30 ያህል በጎች አምጥቶ ለቀቀ። በግ ለማዳ ውሻን ከተኩላ አይለይም፤ ውሻው ታስሮም ቢሆን ሽታውን ሲያገኝ ገደሉን ይዞ ይሸሻል፣ ግልገሏን ጥላ የምትሸሽም አለች።

ትልቁ እንቅፋት ግራንድ ካንየን ነው። በደቡቡ አፋፍ ላይ ባሉት መንገዶች ውሻን በማሰሪያ ይዞ መንሸራሸር ይቻላል። ከአፋፉ ወደ ታች ግን አንድ እርምጃ አይፈቀድም። በእግር ከደቡቡ አፋፍ ወርዶ ኮሎራዶ ወንዝን ተሻግሮ ሰሜኑ አፋፍ ላይ ለመውጣት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ዞሮ ለመድረስ ግን ወደ 340 ኪሎ ሜትር መንዳት ያስፈልጋል። ውሻ ያለው ተጓዥ እንስሳውን የክትባት ማስረጃ አሳይቶ ደቡቡ አፋፍ ላይ ባለው የውሻ ማቆያ ያስቀምጣል፣ ወይም ወዳጅ ይለምናል። በዚህ የሚበሳጩ ሰዎች አሉ፤ በቅሎ ተፈቅዶ ውሻ ለምን ይከለከላል ይላሉ። የበቅሎውን እበት ሲረግጡ ለዋሉ ሰዎች ጥያቄው አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የካንየኑን ሥሪት ማየት ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ሲደክመው ዞሮ ይወርዳል፤ እዚህ ግን መጀመሪያ ይወረዳል፣ ከባዱ ዳገት የሚመጣው ጉልበት ካለቀ በኋላ ነው። ታችኛው ወለል ከአፋፉ በአሥር ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል፣ በሞቃታማዎቹ ወራት 40ን ማለፍ የተለመደ ነው። 30 ኪሎ ውሻ የወደቀበት ሰው 1,400 ሜትር ዳገት ተሸክሞት ሊወጣ አይችልም፤ የነፍስ አድን ሠራተኞች ደግሞ በዚያ ሙቀት ውስጥ ለሰው እንኳ በግድ ነው የሚደርሱት።

ክልከላው ጭፍን አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በሕግ የታወቀ አጋዥ ውሻ ያለው አካል ጉዳተኛ ለፓርኩ የጉዞ ቢሮ አስቀድሞ አሳውቆ መውረድ ይችላል። የአጋዥ ውሻ ጉዳይ ሲነሳ ቢል ኧርዊን ሳይጠቀስ አያልፍም። ዓይነ ስውር ነበር፤ በ1990 ኦሪየንት ከተባለ መሪ ውሻው ጋር በምሥራቅ አሜሪካ ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀውን ከ3,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአፓላችያን መንገድ ጨረሰ። በሺዎች ጊዜ ወድቋል፣ ተነስቷልም። ብዙዎች ይህን ታሪክ "ውሻ የማይሄድበት መንገድ የለም" ለማለት ያነሱታል። አይሆንም። አፓላችያን ጫካ ነው፤ ጥላ አለው፣ ምንጭም በብዛት ይገኝበታል። ኦሪየንት ደግሞ ለሽርሽር አልተወሰደም፤ የኧርዊን ዓይን ነበር።

ለበረሃው የሚስማማው ታሪክ የጎቢ ነው። በ2016 በምዕራብ ቻይና፣ በሺንጂያንግ ተራሮችና በጎቢ በረሃ በተካሄደ የ250 ኪሎ ሜትር የብዙ ቀናት ሩጫ ላይ ባለቤት የሌላት አንዲት ትንሽ ውሻ ዲዮን ሌናርድ የተባለ ሯጭ ላይ ተለጠፈች። ማንም አልጠራትም፤ እግሩን ተከትላ ሮጠች፣ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ተኛች። ወንዝ ሲመጣ ተመልሶ አቅፎ አሻገራት፣ ከሯጭ የማይጠበቅ የጊዜ ብክነት ነው። ከጠቅላላው ርቀት ግማሽ ያህሉን ሮጣለች። ዓለም ያጨበጨበው ለዚህ ነው። ማጨብጨብ የሚገባው ግን ለሌላው ግማሽ ነበር። ሙቀቱ 50 ዲግሪ አካባቢ በደረሰባቸው ቀናት ውሻዋ እንድትሮጥ አልተደረገም፤ በመኪና ተጭና መድረሻው ላይ ጠበቀችው። ብትለቀቅ ኖሮ ተከትላው ትሮጥ ነበር፤ መቼ እንደምትቆም የወሰኑላት ሰዎች ናቸው። በኋላ ኡሩምቺ ከተማ ውስጥ ጠፍታ፣ ተፈልጋ ተገኝታ፣ የለይቶ ማቆያ ጊዜዋን ጨርሳ በ2017 መጀመሪያ ኤዲንብራ ገባች።

አሪዞና ውስጥ ይህ ውሳኔ ለባለቤቱ ሕሊና ብቻ ያልተተወበት ከተማ አለ። የፊኒክስ ከተማ በ2016 ባወጣው ደንብ መሠረት ሙቀቱ 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 38 ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በከተማው የተራራ መንገዶች ላይ ውሻ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ቅጣቱ እስከ 2,500 ዶላርና እስከ ስድስት ወር እስራት ሊደርስ ይችላል። ደንቡ ሲወጣ መንግሥት በውሻዬ ምን አገባው ያሉ አልጠፉም። መልሱን የሰጠው አየሩ ነው። በ2023 ፊኒክስ ውስጥ ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ በየቀኑ ቢያንስ 43 ዲግሪ ደረሰ፤ በዚያ ዓመት ከተማው ባለበት በማሪኮፓ አውራጃ ከሙቀት ጋር በተያያዘ 645 ሰዎች ሞቱ። ራሱን ማዳን ያቃተው ሰው ባለበት ቦታ ለውሻው ደንብ መውጣቱ የሚበዛ አይደለም።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ይመስል ይሆናል። በፊኒክስና በላስ ቬጋስ ግን በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አገር ቤት ሳለ ውሻ ግቢ ጠባቂ እንጂ ቤት የሚገባ ያልነበረበት ወላጅ፣ እዚያ ሲደርስ በልጆቹ ልመና ተሸንፎ ውሻ ሶፋ ላይ አስተኝቷል። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ "ተራራ እንውጣ፣ ውሻውንም እንያዝ" ሲሉ እሺ ለማለት የሚቸኩለው አባት፣ የአገር ቤቱ ውሻ ፀሐዩንም አፈሩንም ችሎ ሲኖር ስላየ ይኼኛውስ ምን ይሆናል ብሎ ያስባል። የሰፈሩ ውሻ ግን እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጎ ይተኛ ነበር፤ አንገቱ ላይ ማሰሪያ አስገብቶ ዳገት የሚያስወጣው ሰው አልነበረውም።

ኢትዮጵያ ውስጥም ጥያቄው በሌላ መልክ አለ። የአዲስ አበባ ወጣቶች በየሳምንቱ መጨረሻ ሀይኪንግ እያሉ እንጦጦና መናገሻ ሱባ ሲወጡ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ሰሜንና ባሌ ተራሮች የሚሄደውም እየበዛ ነው። እዚያ ላይ የሚያሳስበው ውሻው ሳይሆን ውሻው ይዞት የሚመጣው በሽታ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ነው፣ መኖሪያውም የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ከለማዳ ውሾች እየተላለፈ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በባሌ ተራሮች ላይ ቀበሮዎቹን ፈጅቷል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት ሦስቱ ያህል አልቀዋል። ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ በሽታም እንደዚሁ ገድሏቸዋል። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራሙ ለዓመታት የእረኞችን ውሾች ሲከትብ ቆይቶ፣ በ2018 ደግሞ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን በሥጋ ውስጥ በተደበቀ የአፍ ክትባት መከተብ ጀምሯል። እረኛው ውሻ የሚያስፈልገው ከጅብና ከነብር መንጋውን ለመጠበቅ ነው፤ እሱን ተው ማለት አይቻልም። ለሽርሽር የሚሄድ የከተማ ሰው ግን ባሌ ውስጥ ባለው የሰነቲ አምባ ላይ ውሻ ይዞ የሚወጣበት አንድም ምክንያት የለውም፤ መንገድ ላይ የተከተለውን የመንደር ውሻም ዳቦ እየጣለ ወደ ቀበሮዎቹ ሜዳ መውሰድ የለበትም።

አሪዞና ያሉት አንባቢዎች ደግሞ ውሻቸውን ለአምስት ወር፣ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ከበረሃው መንገድ ያርቁት፤ ማለዳ ሰፈር ውስጥ ያንሸራሽሩት። በቀዝቃዛው ወራት ይዘውት ሲወጡ ለእሱ ብቻ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ሚዶና ወረንጦ ይያዙ፤ ጥላ ፈልጎ መተኛት ከጀመረ ወይም ምላሱ ሰፍቶ ከተንጠለጠለ ከፊት ያለው ጫፍ ቢታይም ባይታይም ይመለሱ። 1,287 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ መጨረስ የፈለገ ሰው ብቻውን ይሂድ። ውሻው ከቤተሰብ ጋር ሆኖ ፍላግስታፍ አካባቢ፣ 2,100 ሜትር ላይ ባለው የጥድ ጫካ ይጠብቀውና በጥቅምት ጥቂት ቀን አብረው ይሂዱ። ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ግን ያልብሰው፤ ጥቅምት የአደን ወቅት ነው።